የረውዳ ዱዱ

ይህን ወሬ ስጀምር አጠገቤ ቁጭ በሉ፤ እስክጨርስም አትነሱ። ከመሃል የመጣ ሰው መነሻው ይጠፋዋል። ከመነሻው የሰማ ግን ቢደጋገምበትም አይሰለቸውም፤ ትንሽ ቆይቶ እሱም አብሮኝ ይለዋል።

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሠፈሮች በአንዱ፣ እንድሪስ የሚባል ጎሚስታ ነበር። ጎማ ይፈታል፣ ጎማ ይለጥፋል፣ ጎማ ይነፋል፤ ብዙ ግን አይናገርም። የሚናገርለት ሚስቱ ሉባባ ነበረች። እሷም ክረምቱ ሊገባ ሲል እንደ ቀላል ነገር ታማ ተኛች፤ ሳትነሳም ቀረች። ለእንድሪስ የቀረችለት ልጁ ረውዳ ናት።

ረውዳ ዳዴን ከተወች ሰንበት ብላለች። ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ የጣላትን መሬት በጥፊ ትመታለች። አንደበቷ ግን ገና ነው። ውሃ «ቧ» ነው። የሚያቃጥል ነገርም፣ እሾህም፣ የተቆጣ ሰውም «ኡፋ» ነው። ያለቀና የጠፋ ሁሉ «የም» ነው፤ የለም ማለቷ ነው። የማታውቀውን ነገር በጣቷ እየጠቆመች «ምኒ?» ትላለች። እናቷ «እማ» ነበረች። አባቷን ግን በምንም ስም ጠርታው አታውቅም፤ ሲመጣ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ በቃ።

ሰሞኑን አንድ ቃል ይዛ አልለቅም አለች። «ዱዱ!» ትላለች። ሲነጋ ዱዱ፣ ሲመሽ ዱዱ። እንድሪስ ዳቦ ቆርሶ ቢሰጣት ወረወረችው። ወተት ቢያቀርብላት በክርኗ ደፋችው። ጎማ ውስጥ ከሚነፋው የከመነዳሪ ላስቲክ ኳስ ጠቅልሎ ቢያመጣላት፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው «ዱዱ!» ብላ ጮኸች። ቢርባት አትበላም፣ ቢደክማት አትተኛም። ጤና ጣቢያ ወስዶ አሳያት፤ ሕመም የለባትም ብለው መለሱት። ጉንጯ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ ሄደ።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጅ ድረስ በገባበት፣ ካፊያውም አላባራ ባለበት ሰዓት፣ እንድሪስ ልጁን ታቅፎ ወደ እትዬ ጦይባ ክፍል ገባ። እትዬ ጦይባ የሉባባ ታላቅ እህት ናት። በዚያው ግቢ ትኖራለች፤ እሱ ሥራ ሲውል ረውዳን የምትይዝለት እሷ ናት።

«እትዬ ጦይባ፣ ይኼ ዱዱ የምትለው ምንድን ነው?» አላት።

ጦይባ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«አታውቀውም?»

«ባውቀው እጠይቅሽ ነበር?»

«ሥራ ላይ ስለምትውል ነው፤ አልፈርድብህም። ሉባባ ስታዝላት ቂጧን መታ መታ እያደረገች ‹ዱዱ፣ ዱዱ› ትላት ነበር። ሰው እሹሩሩ ሲል እሷ ዱዱ ነበር የምትል። ልጅቱ የምትጠይቅህ ማዘያዋን ነው። እኔ በራሴ ነጠላ ላዝላት ብል ተንፈራግጣ ወረደች።»

«ማዘያው ታዲያ የታለ?»

ጦይባ አንገቷን ደፋች። «ልብሷን ሰደቃ ስናወጣ አብሮ ወጣ። ልጅቱ ትፈልገዋለች ብዬ አላሰብኩም፣ ወላሂ። ለእማማ ዘነቡ ሰጠኋቸው።»

እንግዲህ ነገሩ ከዚህ ተነሳ። ማዘያው ካልመጣ ረውዳ አትተኛም።

እንድሪስ ልጁን እንደ መኪና ጎማ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። በዚያ ሠፈር ወንድ ሰው ልጁን ያቅፋል እንጂ አያዝልም። እሱም ከዚህ የተሻለ አያያዝ አያውቅም ነበር።

እማማ ዘነቡ ከወንዙ አፋፍ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እንድሪስ ገና ሲገባ ማዘያውን አየው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጥለት ያለው ያ ወፍራም ነጠላ፣ ተጠቅልሎ፣ ከአልጋቸው በላይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ተወትፏል። ረውዳም አየችው።

«ዱዱ!» ብላ በሁለት እጇ ወደ ጣሪያው ተንጠራራች።

እማማ ዘነቡ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ። «ውሰደው ልጄ፣ ውሰደው! የሙት ልጅ እያለቀሰች ጨርቅ አልይዝም። ግን ይኸው ታየዋለህ፤ ንፋስ ቆርቆሮዬን ገነጠለው። እሱን ብነቅለው ዝናቡ የሚወርደው አልጋዬ ላይ ነው። ሳሉ እንደሆነ ገና አልለቀቀኝም። ሸራ ቢጤ አምጣልኝና ቀዳዳውን እንድፈነው፤ ማዘያህ ያንተ ነው።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ረውዳ ከአባቷ እጅ ተንሸራታ ወረደች። ሌላ ቦታ የሚያፈሰውን ለመቀበል የተቀመጠውን ሳህን ረገጠችው። ውሃው አልጋው ሥር ገባ።

«ቧ!» አለች።

«ሸራ!» አሉ እማማ ዘነቡ እግራቸውን ሰብስበው። «በአምላክ ሸራ አምጡልኝ!»

«ሻያ» አለች ረውዳ። አዲስ ቃል ሆነላት።

በናዳ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ከገባ ሰንብቷል። ሱቆቹ ሸራም ላስቲክም የላቸውም። እንድሪስ የሚያውቀው አንድ ሸራ ብቻ ነው፤ ለሉባባ ለቅሶ በራሱ ደጅ ላይ ተወጥሮ የነበረው፣ የጋሽ ይመር ሸራ። ወደዚያው ዳገቱን ሲወጣ በሆዱ እንዲህ ይላል፦ ሸራው ካልተነሳ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ማዘያው አይነቀልም፤ ማዘያው ካልተነቀለ ረውዳ አትተኛም።

ጋሽ ይመር ከሰል ሻጭ ናቸው። ከመንገዱ ዳር፣ ክምሩን በሸራ ሸፍነው፣ እሳቸው ራሳቸው ዝናብ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ሸራዎን ያውሱኝ» አላቸው እንድሪስ። ምክንያቱንም ነገራቸው።

«ለዚች ልጅ? ለዚች ልጅማ ዓይኔንም አውስህ» አሉ ጋሽ ይመር። «ለእናቷም አልነፈግሁ፤ አላህ ይዘንላት። ግን ከሥሩ ከሰል አለ። የክረምቱ ቀለቤ እሱ ነው። ከሰሌ ከራሰ ልጆቼን ምን ላብላቸው? ጋሪዬ ብትኖር ወደ ቤት እገፋውና ሸራውን አንስተህ ትሄዳለህ። ጋሪዬን ሸክላ ሻጯ አንሻ ወስዳ አልመለሰችልኝም። እሷን አስለቅቅልኝ።»

ሁለቱ ሲነጋገሩ ረውዳ ዝም አለች። የሕፃን ዝምታ ደግሞ ደግ አይደለም። እንድሪስ ዞር ቢል አፏን ሞልታ ከሰል ታኝካለች፤ ጥቁር ልጋግ ደረቷ ላይ ወርዷል። በጣቱ ፈልቅቆ አወጣላት፤ በመዳፉ ቢጠርጋት ጥቁረቱ እስከ ጆሮዋ ደረሰ። «ከቸል» አለች፣ ከሰል ማለቷ ነው። ከዚያ ምላሷን አውጥታ «ኡፋ» አለች።

እንድሪስ ሳይስቅ ትከሻው ላይ መለሳት። ልጅ እንዲህ ሲያደርግ ሮጦ የሚነግረው ሰው ነበረው፤ አሁን የለውም። ወደ አንሻ ሄደ። ጋሪው ካልተለቀቀ ከሰሉ አይገፋም፤ ከሰሉ ካልተገፋ ሸራው አይነሳም፤ ሸራው ካልተነሳ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ማዘያው አይነቀልም፤ ማዘያው ካልተነቀለ ረውዳ አትተኛም።

«ጋዪ» አለች ረውዳ ከትከሻው ላይ። «ከቸል። ሻያ። ዱዱ!»

አንሻን ያገኛት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ጋሪውን በሁለት እጇ ቀጥ አድርጋ ይዛ ነው። ጋሪው ላይ ድስቱም ገንቦውም በጭድ ተደጋግፎ ተቆልሏል። ሸክላ የምትዘረጋበት ደጅ ሐይቅ ሆኗል።

«አንሻ፣ የጋሽ ይመርን ጋሪ ልቀቂልኝ።»

«መልቀቁን መች ጠላሁት፣ ወንድም ዓለም» አለች አንሻ። ድምጿ ሊሰበር ደርሷል። «ከነጋ እንደዚህ ቆሜአለሁ፤ ክንዴ ሞቷል። ቦዩ ተደፍኖ ጎርፉ ደጄን ወሰደው። ሸክላዬን ከጎርፍ ውስጥ ላውርደው? ጎረቤት እንዳላሳርፍ የነሱም ደጅ እንደኔው ነው። ቦዩ ይጠረግና ውሃው ይጉደልልኝ፣ በዚያች ደቂቃ አወርደዋለሁ።»

ይህን ስትል ረውዳ ካለችበት ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ የአንዲቱን ትንሽ ድስት ጆሮ ያዘች። እንድሪስ «ተይ!» ሳይል ድስቷ ወርዳ ድንጋዩ ላይ ተፈረካከሰች።

አንሻ ልትመታት አንድ እጇን ከጋሪው አነሳች። ከዚያ የልጅቱን ከሰል የለበሰ አፍ አየችና እጇን መለሰች።

«ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «እናቷም ከኔ ነበር የምትገዛው። አንዷን ድስት ለመግዛት ሁሉንም በጣቷ አንኳኩታ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ አውርታልኝ ነው የምትሄድ። አሁን ቆሞ የሚያወራኝ ሰው የለም።»

«ምኒ?» አለች ረውዳ ስብርባሪውን እያየች።

«ሸክላ ነበር» አላት አንሻ።

«ተክላ።»

እንድሪስ ልጁን ጎርፍ ያልደረሰበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ሱሪውን ጠቀለለና ቦዩ ውስጥ ገባ። በእጁ ሊጠርገው ሞከረ። ድንጋይ ከጭቃ፣ ጭቃ ከቆሻሻ ተጣብቆ ጠጥሯል። ጎተተ፣ ጎተተ፤ ጥፍሩ ተሰነጠቀ እንጂ ምንም አልተንቀሳቀሰለትም። ረውዳ ደግሞ ልታግዘው እግሯን ብትሰድ ጎርፉ አንድ እግር ጫማዋን አወለቀና ይዞት ሄደ። በዓይኗ ሸኘችው። «የም» አለች።

«ይኼ በእጅ አይሆንም» አለች አንሻ። «የቅሬው አካፋ አለ አይደል?»

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የቅሬው አካፋ ያለው ደግሞ መቃብር ጠባቂው አባባ ቡሽራ ዘንድ ነው። እንድሪስ ይህን ሲሰማ ከቦዩ ሳይወጣ ቆሞ ቀረ። ሉባባን ከቀበረ ወዲህ በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። ወደ ሥራው ሲሄድ እንኳ በላይ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ጦይባ «መቃብሯን ሄደህ እይ እንጂ» ስትለው «እሄዳለሁ» ይላታል፤ አይሄድም።

«ሌላ አካፋ የለም?» አለ።

«ቢኖር ከመቼው አምጥቼ በጠረግሁት» አለች አንሻ።

ተነሳ። ከቦዩ ወጥቶ ልጁን አነሳ። እግሩ ግን ከበደው፤ እያንዳንዱን ነገር ለብቻ እያነሳ ይጥላል፦ አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም። ቦዩ ካልተጠረገ ሸክላው አይወርድም። ሸክላው ካልወረደ ጋሪው አይለቀቅም። ጋሪው ካልተለቀቀ ከሰሉ አይገፋም። ከሰሉ ካልተገፋ ሸራው አይነሳም። ሸራው ካልተነሳ ቀዳዳው አይደፈንም። ቀዳዳው ካልተደፈነ ማዘያው አይነቀልም። ማዘያው ካልተነቀለ ረውዳ አትተኛም።

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። በላይ በኩል ወደ ቤቱ ነው፤ በታች በኩል ወደ መቃብሩ። ቤት ሄዶ በሩን ቢዘጋ ማንም አይወቅሰውም። ያን ጊዜ ረውዳ ጭንቅላቷን አንገቱ ሥር ጣለችው። እንቅልፍ ይመጣባታል፤ ዓይኗ ይከደናል፤ ወዲያው ብንን ብላ ትነጫነጫለች። በዚያ መካከል አባቷ ሲዳክርበት የዋለውን ሁሉ በራሷ አንደበት ታወርዳለች፦ «ካፋ። ቦይ። ተክላ። ጋዪ። ከቸል። ሻያ። ዱዱ...» ድምጿ ደክሟል። እንድሪስ ወደ ታች ወረደ።

መቃብሩ ላይ ጉሙ ከጥዶቹ ወገብ በታች ተኝቷል። አባባ ቡሽራ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። መጣህ?» አሉት፤ ሲጠብቁት እንደቆየ ሰው።

«አካፋውን ያውሱኝ» አላቸው፤ ከዚያ ያ ብዙ የማይናገር ሰው ትንፋሽ ሳይወስድ ይነግራቸው ጀመር። «አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም አባባ፤ ቦዩ ካልተጠረገ የአንሻ ሸክላ አይወርድም፤ ሸክላው ካልወረደ ጋሪው አይለቀቅም፤ ጋሪው ካልተለቀቀ የጋሽ ይመር ከሰል አይገፋም፤ ከሰሉ ካልተገፋ ሸራው አይነሳም፤ ሸራው ካልተነሳ የእማማ ዘነቡ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ማዘያው አይነቀልም፤ ማዘያው ካልተነቀለ ይች ልጅ አትተኛም። አትበላም። ልትሞትብኝ ነው።»

አባባ ቡሽራ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ገባኝ» አሉ። «አካፋው ግን ገና አይወጣም። ዝናቡ መቃብሩን እያሰመጠው ነው። የሌሎቹን ባለቤቶቻቸው እየመጡ አፈር አለበሱ። አንዲት ቀረች። እሷ ሳትሞላ አካፋው ከዚህ ከወጣ የዛሬው ጎርፍ ይከፍታታል። እንዳልሞላት ወገቤ ከዳኝ፤ ከጠዋት ጀምሬ ስንት ጊዜ ሞከርሁ።»

«ባለቤቷስ?»

«አልመጣም።»

«ማነው እሱ?»

አባባ ቡሽራ ልጅቱን አዩ፣ እሱን አዩ፣ መሬት አዩ። ከዚያ አካፋውን ከጭቃው ነቅለው እጀታውን አዞሩለት።

እንድሪስ ተቀበለ።

መቃብሩ ካልተሞላ አካፋው አይወጣም። አካፋው ካልወጣ ቦዩ አይጠረግም፤ ቦዩ ካልተጠረገ ሸክላው አይወርድም፤ ሸክላው ካልወረደ ጋሪው አይለቀቅም፤ ጋሪው ካልተለቀቀ ከሰሉ አይገፋም፤ ከሰሉ ካልተገፋ ሸራው አይነሳም፤ ሸራው ካልተነሳ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ማዘያው አይነቀልም፤ ማዘያው ካልተነቀለ ረውዳ አትተኛም።

የሉባባ መቃብር ከጥዶቹ መጨረሻ ላይ ነበር። መሃሉ ሰምጦ ውሃ አቁሯል። እንድሪስ ልጁን አጠገቡ አቆማትና አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰደደ። ማንሳት ግን አቃተው። በቀብሯ ቀን ሰው ደግፎት ነበር፤ «አይዞህ፣ አንተ ወንድ ነህ» እያሉ ፊቱን ወደዚያ አዙረውት ነበር። ዛሬ የሚደግፈው የለም።

ረውዳ ጎንበስ አለችና ጭቃውን ነካች። «ምኒ?»

«አፈር ነው» አላት።

«አፈይ።» ከዚያ ጉብታውን ጠቆመች። «ምኒ?»

እንድሪስ ድንጋይ ነው ሊላት አሰበ። ሣር ነው ሊላት አሰበ። ወደ እሷ ጎንበስ አለና፣

«እማ ናት» አላት።

ረውዳ ጉብታውን አየች። ከራስጌው የቆመውን ድንጋይ ዞራ ከጀርባው አየች፤ እናቷ በመጋረጃ ተደብቃ ታጫውታት እንደነበረው። ተመልሳ መጣች። ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«እማ የም» አለች።

እስከዚያ ቀን ረውዳ ሁለት ቃል አገናኝታ አታውቅም። መጀመሪያ ያገናኘቻቸው እነዚህን ሆነ።

እንድሪስ ግንባሩን በአካፋው እጀታ ላይ ጣለ። በለቅሶው ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ድምፅ አውጥቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። አባባ ቡሽራ ከሩቁ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ረውዳ የአባቷን ጉልበት ይዛ በግርምት ታየዋለች፤ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም።

«አዎ» አላት በመጨረሻ። «እማ የለችም።»

እሱም ይህን ቃል ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ አካፋውን አነሳ። አፈሩን ጣለ። ረውዳም በትናንሽ እጆቿ ጭቃ እየዘገነች «አፈይ» እያለች ታግዘዋለች፤ ግማሹ ጉብታው ላይ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ይወድቃል። ሲሞላ አባባ ቡሽራ መጥተው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እንድሪስ ዘረጋ። ረውዳም ጭቃ የሞላ መዳፏን ዘረጋች።

መቃብሩ ሲሞላ አካፋው ወጣ። አካፋው ሲወጣ ቦዩ ተጠረገ፤ ውሃው እያጉረመረመ ወደ ወንዙ ወረደ። ቦዩ ሲጠረግ ሸክላው ወረደ፤ አንሻም የዛለ ክንዷን አሽታ «አላህ ይስጥህ» አለች። ሸክላው ሲወርድ ጋሪው ተለቀቀ። ጋሪው ሲለቀቅ ከሰሉ ተጫነ፤ ጋሽ ይመር ከፊት እየጎተቱ፣ እንድሪስ ከኋላ እየገፋ፣ ረውዳ ከሰሉ ላይ ቁጭ ብላ ክምሩ ቤት ገባ። ከሰሉ ሲገባ ሸራው ተነሳ። ሸራው ሲነሳ ቀዳዳው ተደፈነ። ቀዳዳው ሲደፈን ማዘያው ተነቀለ።

ማዘያው ተነቀለና እንድሪስ እጅ ውስጥ ወደቀ። እማማ ዘነቡ ተቀብለው ከምድጃው ላይ አደረቁለት፤ ሲመልሱለት አፍንጫው ላይ አደረገው። የሉባባ ሽታ ወጥቶ አልቋል። ዝገት ዝገት፣ ጭስ ጭስ ይላል።

«ዱዱ!» አለች ረውዳ። ጥለቱን በጥርሷ ሁሉ ያዘችው።

«በሉ እማማ፣ ይዘሏት» አላቸው።

«እኔ?» አሉ እማማ ዘነቡ። «እኔ በምን ወገቤ? ያንተ ጀርባ ምን ሆነ?»

«እኔማ... ወንድ ነኝ፣ እማማ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ስታለቅስ ሰው ያባብልልሃል? ና ወዲህ፣ ጎንበስ በል። እጅህን ወደ ኋላ። አዎ፣ እንደዚያ። ቂጧን ደግፋት።»

አሮጊቷ ማዘያውን አዞሩና ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩለት። እንድሪስ ቀና ሲል ልጁ ጀርባው ላይ ነበረች። ሙቀቷ በሸሚዙ አልፎ ገባ። ልቧ ሲመታ ተሰማው፤ የወፍ ልብ ይመስላል።

ከቤት ሲወጣ ካፊያው አላባራም ነበር። ከሱቁ በረንዳ ሥር የተጠለሉ ወንዶች አዩት። አንዱ «እንድሪስ፣ ወለድክ እንዴ?» አለ። ሁለቱ ሳቁ፤ ሦስተኛው አልሳቀም። እንድሪስ ጆሮው ጋለ፤ ቢሆንም መንገዱን አልለወጠም። እጁን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጎማ እንደሚመታ ሰው በማይመች እጅ፣ መታ መታ አደረጋት። «ዱዱ» አለ፤ ቃሉ ለአፉ አዲስ ነበር። «ዱዱ፣ ዱዱ።»

ረውዳ ጉንጯን ጀርባው ላይ አሳረፈች። ሽታውን አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ማዘያዋን ከነጀርባው ነበር። ዳገቱን ግማሽ ሳይወጣ ክብደቷ ጨመረ። ተኝታለች።

እትዬ ጦይባ ግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። አይታው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ና፣ አውርዳት፤ አልጋ ላይ ላስተኛት።»

«ትቆይ» አላት። «ብትነቃስ?»

ከቤቱ ታዛ ሥር ቆመ። ጦይባም አጠገቡ ቆመች።

«መቃብሯ ሰምጦ ነበር፣ እትዬ ጦይባ» አላት። «ሞላነው። ረውዳም አፈር አለበሰች።»

ጦይባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። እሱም ከዚያ በኋላ ዝም አላለም፤ ስለ ሉባባ ያወራት ጀመር፤ አንሻ ዘንድ ድስት ስታንኳኳ ስለምታወራው፣ ስለ በሽታዋ፣ ተኝታ ሳለች ብርድ ብርድ ይለኛል ብላው ጋቢውን ስለደረበላት። ቆሞ ሲያወራ ወገቡ ደነዘዘ፤ ልጁን ግን አላወረደም።

ረውዳ ስትነቃ ርቧት ነበር። ዳቦውን ቆረሰላት፤ በላችው። ፍርፋሪው ሲያልቅ መዳፏን ገልብጣ አየችና «ዳቦ የም» አለች። ከዚያ በኋላ ቃላቷን እያጣመረች ሄደች፤ ጫማ የም፣ ቧ የም፣ ብዙውን ጊዜም እማ የም። እንድሪስ እያንዳንዱን ጊዜ ሰምቶ «አዎ ልጄ፣ የለችም» ይላታል፤ ቃሉ አንድም ቀን አልቀለለውም።

ወሬዬ ይኸው ነው። ልጅ ያዘለ ሁሉ በደህና ያውርድ።